ከወንዝ ማዶ የሚመጣው ጢስ፤ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

የሐርቡ ልጅ (የውይይት ክሩን የከፈተው)

ሰላም ያ ጀመዓ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እናቴ ግን ከሐርቡ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ የሌላ ወረዳ ነው። በየዓመቱ መጋቢት አጋማሽ ላይ እዚያ ምንጣሮ ይጀመራል። ቁጥቋጦው ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይከርማል፣ ከዚያ ይለኮሳል። ለማሽላ መሬት ማዘጋጀታቸው ነው። እሳቱ እነሱ ጋ ነው። ጢሱ ግን እኛ ጋ መጥቶ ያድራል።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያ አደርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት በረት ያለችውን ላም አላየኋትም። ከበሩ እስከ በረቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ድምጿን ብቻ ሰማሁ። እማዬ አስም አለባት። የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነክራ አፍንጫዋ ላይ ይዛ መደቡ ላይ ቁጭ ብላለች። «በሩን ዝጋው ልጄ» አለችኝ። ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው? በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይገባል።

ሰኞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የቱ እንደሆነ ልተወው። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አዳመጠኝ። «እሳቱ ያለው ከወሰናችን ውጭ ነው» አለኝ። ማዶ ተሻግሬ ስጠይቅ ደግሞ «ተጎዳች የምትለን የእኛ ነዋሪ አይደለችም» ተባልኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በሁለት እውነት መሐል ቀረሁ።

ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አለ? ሌላው ዓለም ጢስ ድንበር ሲሻገር ምን ያደርጋል? እባካችሁ «ጸሎት ነው፣ ዱዓ ነው» ብቻ አትበሉኝ። እሱን እማዬ ይዛዋለች።

አብሽር ደሴ

አብሽር ወንድሜ። እኛ ደሴ ላይ ጉሙን ነው የምንከስሰው። አቤት የምንልበት ደግሞ እሱም የለውም 😄 ለእናትህ ግን አላህ አፊያ ያድርጋት። በል እነዚህ አዋቂዎቹ ይምጡ።

ሰኞ ገበያ

እኔ ባቲ አካባቢ ነኝ። ልዋሽህ አልፈልግም። እኔም አቃጥያለሁ። ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም።

ነገሩ ከዚያ ወገን ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አንድ ጥማድ የማይሞላ ቁጥቋጦ ያለበት መሬት አለህ በል። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል አታውቅም። በእጅ ከተመነጠረ አራት ሰው ቀናት ይፈጃል። ለእነሱ ቁርስ፣ ምሳ፣ ቡና፣ ገንዘብ። እሾሁ እጅ ይበላል። ከሥሩ እባብ አለ። መዥገሩን አታንሳው፤ ከብቱን ጨርሶታል። ክብሪት ደግሞ ኪስህ ውስጥ አለ። ከሰዓት ትለኩሳለህ፣ ማታ አመድ ነው። አመዱ ራሱ ለመጀመሪያው ዓመት ማሽላ ያምርለታል። እንግዲህ አንተ ብትሆን?

ጢሱ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። እውነቴን ነው። ጢስ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

የሐርቡ ልጅ

ሰኞ ገበያ፣ ስለ ቅንነትህ አመሰግናለሁ። አንተን የመሰለ ሰው እዚህ መጻፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ወደ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር» የምትለዋ አንጀቴን በላችው።

ጄረቡ የጠገበ

ስሜን ያወጣሁት ለዚሁ ነው መሰለኝ። ጄረቡ ማለት በማላይኛ ከእሳት የሚመጣው ያ ጭጋግ መሳይ ጢስ ነው። ቃል እስኪፈጠርለት ድረስ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኳላ ላምፑር ማስተርሴን እየተማርኩ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ የለም። ጠፍቷል። እኔ የወሎ ልጅ ነኛ፣ «ጉም ነው» ብዬ ወጣሁ። ጉም ግን ይቀዘቅዛል፤ ይሄኛው ይለበልባል። ጉሮሮዬ ላይ የተቃጠለ ቅጠል ጣዕም ቀረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የከተማዋ ትልቁ የማራቶን ውድድር ተሰረዘ። የአፍ መሸፈኛ ከፋርማሲ አለቀ። ከኮሮና አምስት ዓመት በፊት ማለት ነው።

እሳቱ ማሌዥያ ውስጥ አልነበረም። ከማላካ ሰርጥ ማዶ ሱማትራ ላይ፣ እንዲሁም ቦርንዮ ውስጥ ካሊማንታን ላይ ነበር፤ ሁለቱም ኢንዶኔዥያ ናቸው። እዚያ ያለው አፈር እንደኛ አይደለም። ፒት ይሉታል። ለሺህ ዓመታት ረግረግ ውስጥ የተደራረበ ቅጠልና እንጨት ነው፤ ራሱ አፈሩ ይነድዳል። ለዘይት ዘንባባ (ፓልም) እና ለወረቀት እንጨት ተክል ሲሉ ቦይ ቆፍረው ውኃውን ያፈሱታል። የደረቀው ፒት እሳት ሲነካው ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ አጥፍተኸው ከሥር ረመጥ ሆኖ ሳምንታት ይቆያል። ያን ዓመት ኤልኒኞ ስለነበር ዝናቡም ዘገየ። የዓለም ባንክ እንዳሰላው 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ ኢንዶኔዥያ ራሷ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረች።

አሁን ስማኝ የሐርቡ ልጅ፣ ያንተን ጥያቄ የሚመስለው እዚህ ጋ ነው። የአካባቢው አገሮች ድንበር ተሻጋሪ ጢስን የሚመለከት ስምምነት የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዋናው እሳት የሚነሳባት ኢንዶኔዥያ ያጸደቀችው መቼ ይመስልሃል? በ2014። አስራ ሁለት ዓመት! ሲንጋፖር መጠበቅ ሰልችቷት በዚያው ዓመት የራሷን ሕግ አወጣች። ኩባንያው የትም ይሁን የት፣ ያስነሳው ጢስ ሲንጋፖር ከደረሰ በቀን እስከ 100,000፣ ሲደመር እስከ 2 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ይቀጣል የሚል። ወረቀት ላይ ያምራል። በማግሥቱ ዓመት ግን ያ ያልኳችሁ ጢስ መጣ። በ2019ም ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም። በ2016 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በዚያ ጢስ ምክንያት ያለ ጊዜው የሞተውን ሰው ወደ 100,300 ገምቶት ነበር። መንግሥታቱ አልተቀበሉትም። እኔን የገረመኝ ግን ክፍፍሉ ነው። ከዚያ ውስጥ 91,600ው ኢንዶኔዥያውያን ናቸው። ጮክ ብለን የጮህነው እኛ ማዶ ያለነው ነበርን። ብዙ የሞተው እሳቱ አጠገብ ያለው ነው።

የሐርቡ ልጅ

ሱብሃነላህ። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርህ አስደነገጠችኝ። ማዶ ያሉት ሰዎች ልጆቻቸው ይስሉ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ስም አይጠቅምም

እነዚያ ሰዎች ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት። የእነሱ ነገር ድሮም ይታወቃል...

አወያይ

ስም አይጠቅምም፣ የቀረውን አጥፍቼዋለሁ። ስለ እሳት እንነጋገር። «እነሱ» የምትል ቃል ጢስ ብቻ አይደለም ይዛ የምትመጣው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የለም።

ጥቁር ካባ

ጠበቃ ነኝ፤ ደሴ። ስለ ሕጉ ልናገር።

መጀመሪያ አንድ የቆየ ጉዳይ። ካናዳ ውስጥ ትሬይል የምትባል ከተማ አለች፤ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር። እዚያ የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ፋብሪካ ነበር። ጢሱ የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ቁልቁል ይወርድና ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ገበሬዎችን ሰብልና ዛፍ ያበላሻል። ገበሬዎቹ ካናዳ ሄደው መክሰስ አልቻሉም። በአገራቸውም ፍርድ ቤት ባዕድ አገር ያለ ፋብሪካን መክሰስ አልሆነላቸውም። ልክ እንዳንተ ነው፤ በሁለት እውነት መሐል። በመጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት ገላጋይ ዳኞች ሰየሙ። እ.ኤ.አ. በ1941 የተሰጠው ውሳኔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ማንም አገር በግዛቱ ውስጥ የሚነሳ ጢስ የሌላውን አገር ግዛትና ሰው በከባዱ እንዲጎዳ መፍቀድ አይችልም።

ያ በአገሮች መካከል ነው። ያንተ ግን በሁለት ወረዳ መካከል ነው፤ አገሩም ሕጉም አንድ ነው። ስለዚህ ጉዳይህ ከገበሬዎቹ ይቀላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብብ። ማንም ሰው፣ «የራሴ ጥቅም ተነክቷል» ብሎ ማስረዳት እንኳ ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠህ፣ ወይም ውሳኔው ካልተመቸህ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። «ነዋሪያችን አይደለችም» የሚለው መልስ አያስኬድም። ለወረዳው አትጻፍ። ሁለቱንም ወረዳ ከሚያይ አካል ጀምር። በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ፎቶ ይያያዝበት፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ሰኞ ገበያ

ጠበቃው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማንን ነው የሚከስሱት? ሲንጋፖር ኩባንያ ትቀጣለች። ካናዳም ያለው ፋብሪካ ነው። እዚህ ያለው ሁለት በሬ የሌለው ሰው ነው። አንዱን በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ቀጥታችሁት ምን ታወጡበታላችሁ? እስር ቤት አስገብታችሁት ልጆቹን ማን ያብላ? እሱ ቢታሰር እኮ በሚቀጥለው ዓመት ሚስቱ ናት የምትለኩሰው። መሬቱ መታረስ አለበታ።

ጥቁር ካባ

ልክ ነህ። መንገዱ ምን እንደሆነ ስለተጠየቅሁ ነገርኩ። ያንን መንገድ ሂዱበት ማለት ሌላ ነው። እኔ ራሴ ብሆን መጀመሪያ ሽማግሌ ነበር የምልከው። ከሸንጎ በፊት ዛፍ ጥላ አለ።

ፓቲያላ የከረመ

ሰኞ ገበያ የተናገረውን ከወንበሬ ተነስቼ አጨበጨብኩለት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፒኤችዲዬን የሠራሁት ሕንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ መምህር ያውቃታል። እዚያ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ቡናማ ይሆናል። ገበሬው ሩዝ ያጭዳል፤ በእጅ ሳይሆን በኮምባይነር። ኮምባይነሩ ፍሬውን ወስዶ ገለባውን ማሳው ላይ ጥሎት ይሄዳል። የሩዝ ገለባ ሻካራ ነው፣ ከብት አይወደውም። ስንዴ ለመዝራት ደግሞ የቀረው ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ክብሪት! ጢሱ ዴልሂ ይገባል። ድንበር ዘሎም ላሆር ይገባል፤ የፓኪስታኑም ፑንጃብ ገበሬ በዚያው ወቅት ያቃጥላልና የላሆሩም ወዲህ ይመጣል። ዴልሂ ፑንጃብን ትወቅሳለች፣ ላሆር ሕንድን ትወቅሳለች፣ ሕንድ ፓኪስታንን።

ግን ለምን ልክ በዚያ ቀዝቃዛና ነፋስ በሌለበት ወር ሆነ? ይቺ ናት የምታስቀው፣ የምታስለቅሰውም። የከርሰ ምድር ውኃ እያለቀ ስለሆነ የፑንጃብ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ አወጣ፤ ሩዝ ከተወሰነ ቀን በፊት አይተከልም፣ ሙቀቱ በርዶ ዝናቡ ሲቀርብ ነው የሚተከለው ብሎ። ጥሩ ሕግ ነው። ውኃ ለማዳን ነው። ነገር ግን ተከላው ሲገፋ አጨዳውም ተገፋ። አጨዳው ሲገፋ ለስንዴው የቀረው ጊዜ ጠበበ። የጠበበበት ገበሬ ለኮሰ። ጢሱም አየሩ ረግቶ ከሚተኛበት ወቅት ጋር ገጠመ። ውኃውን አድናለሁ ብለህ አየሩን ታጣለህ።

እርግጥ የዴልሂ አየር መኪናም አለበት፣ ፋብሪካም፣ ግንባታም። የገለባው ድርሻ ቀን ከቀን ይለያያል፤ አንዳንድ ቀን ሲሶውን ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን እዚህ ግባ አይባልም። ለገበሬው ቅጣት ተሞከረ። ገለባውን ሳያቃጥሉ በመሐሉ ስንዴ የሚዘራ ማሽንም ተሠራ፤ ሃፒ ሲደር ይባላል። ማሽኑ ይሠራል። ግን ከትራክተር ጋር ነው፤ ዋጋ አለው፤ ወረፋ አለው። ክብሪት ወረፋ የለውም።

የቆቦ ማሽላ

ፓቲያላ የከረመ፣ እኛ ቆቦ ላይ አገዳ ማሳ ላይ የሚያቃጥል ሰው ብናይ አእምሮውን ነው የምንጠራጠረው። የማሽላ አገዳ እኮ ገንዘብ ነው! ከብት ይበላዋል፣ ቤት ይታጠርበታል፣ ጣሪያ ይዋቀርበታል፣ ምጣድ ይጣድበታል። በክፉ ዓመት ፍሬው ሳይገኝ አገዳው ብቻውን ተሸጦ ቤተሰብ አውጥቷል። እኔ ከሕፃንነቴ የማውቀው ጥል ሁሉ «አገዳዬን ወሰድክብኝ» የሚል ነው። «አገዳህን አቃጠልክብኝ» የሚል ጥል ሰምቼ አላውቅም።

ማሳ ላይ የምናቃጥለው አቀንጭራን ብቻ ነው። ሐምራዊ አበባዋ ያምራል፣ ሥራዋ ግን የሰይጣን ነው። ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ትመጠምጠዋለች። አንዷ በአሥር ሺዎች ዘር ታፈራለች፤ ዘሯም አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝታ ትጠብቅሃለች። ስለዚህ ሳታፈራ ነቅለህ ታቃጥላለህ። ያ ግን አንድ እቅፍ ነው፤ ጢሱ ከቡና ጢስ አይበልጥም።

እና እኔ የምለው፣ የሚቃጠለው ነገር ዋጋ የሌለው ነገር ነው። ፑንጃብ ገለባው ዋጋ የለውም፣ ይቃጠላል። የእኛ አገዳ ዋጋ አለው፣ አይቃጠልም። ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ዋጋ ቢያወጣ ማን ክብሪት ይጭርበታል?

የቆቦ ማሽላ

ረስቼው። ስለ ጢስ ከተነሳ፣ በ2013 ጥቅምት አንበጣው ሲመጣ እኛም አጢሰናል። ጎማ ሳይቀር። ማሽላው ሊታጨድ ነው፣ ሰማዩ ጠቆረ። ሴቱ ጣሳ ይደበድባል፣ ልጁ ይጮሃል፣ ሽማግሌው ጢስ ያጢሳል። አንበጣው ከእኔ ማሳ ተነስቶ የጎረቤቴ ማሳ ላይ ዐረፈ። እሱም አጢሶ መለሰልኝ። ያን ቀን አንዱ የአንዱን መዓት ሲገፋ ዋለ። አሁን ሳስበው ይሄ ክር ስለዚያ ቀን ይመስለኛል።

ጄረቡ የጠገበ

ለአንበጣ እኮ አገሮች ተሰብስበው ድርጅት አቋቁመዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለምሥራቅ አፍሪካ ያለው። አንበጣው ድንበር እንደማያውቅ ሲገባቸው ነው። ጢስ ክንፍ የሌለው ስለሆነ ይሆን የተረሳው?

እትዬ ገሳ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ወንዶቹ ስትጨርሱ ልናገር ብዬ ነው፤ የምትጨርሱ አልመስል አላችሁ።

የሐርቡ ልጅ፣ እናትህን አላህ ይማርልህ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ምጣዱ የት ነው? ጎጆው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? በምንድነው የምትጋግረው? በኩበት ከሆነ፣ ጢሱ በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ከወንዝ ማዶ የሚመጣው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከምድጃ የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ጊዜው ሞተ ይላል። እኔ እናቴን ያጣሁት በሳንባ ነው። ማዶ ማንም አላቃጠለም ነበር።

የማዶው ጢስ ተገቢ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱንም ተሟገት። ግን የራሳችን ጢስ ሲሆን የቤት ሙያ፣ የጎረቤት ሲሆን ብክለት አይባልም። እኛ ሴቶች ወይባ ስንሞቅ ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ነው የምንታጠነው፤ እሱን ተዉት 😂

የሐርቡ ልጅ

እትዬ ገሳ፣ የእናትዎን ነፍስ ይማርልኝ። ምጣዱ ውስጥ ነው ያለው። በኩበትና በአገዳ ነው የምትጋግረው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ብል አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ላወጣው ነው። ሁለት ቆርቆሮ ተርፎኛል።

የነፋስ ቤት

የአየር ጠባይ ነገር ሥራዬ ነውና ሁለት ነገር ልበል።

ጢሱ ለምን ጠዋት ጠዋት ይተኛል? ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይበርዳል። መሬቱን የነካው አየርም ይበርዳል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከላዩ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይቀመጥበታል። ጢሱ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ያድራል። ማለዳ ከደሴ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ቆም በሉና ቁልቁል ኮምቦልቻን እዩ። አንዳንድ ቀን ሸለቆው ሐይቅ ይመስላል። ፀሐዩ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ መሬቱን ሲያሞቀው ክዳኑ ይከፈታል፤ ጢሱም ይነሳል። ስለዚህ ማታ የተለኮሰ እሳትና ረፋድ ላይ የተለኮሰ እሳት አንድ አይደሉም። ማታ የለኮሰ ሰው ጢሱን ሸለቆው ውስጥ አስተኛው ማለት ነው። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ስለሚበረታ እሳቱ ራሱ ያመልጣል፤ በሌላ አገር የደን ቃጠሎ ያየነው እንዲህ ነው። ደህናው ሰዓት ረፋዱ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ፣ ውኃና ሰው አዘጋጅቶ።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር «ከደቡብ ሱዳን የሚመጣ ጢስ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ናሳ ፈርምስ የሚባል ነፃ ካርታ አለው። ሳተላይት ያየውን እሳት በቀይ ነጥብ ያሳያል፤ በስልክ ይከፈታል። በታኅሣሥና በጥር ብትከፍቱት ደቡብ ሱዳን፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል በቀይ ተሸፍነው ታያላችሁ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላዩ አፍሪካ ውስጥ ነው። በበጋ ግን ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው፤ የዚያን ጢስ ወደ ምዕራብ ይነዳዋል እንጂ ወደ ወሎ አያመጣውም። የሐርቡ ልጅ እናት ቤት የገባው የቅርብ ጎረቤት ጢስ ነው። ይሄ ደግሞ ጥሩ ዜና ይመስለኛል። ከደቡብ ሱዳን ቢሆን በምን ታስቆመዋለህ? ይሄኛው ድልድይ ተሻግረህ በእግርህ የምትሄድበት ነው።

አብሽር ደሴ

እኔ ደሴ ጉም ነው ያልኩት ግማሹ የኮምቦልቻ ጢስ እንዳይሆን አሁን ፈራሁ።

የሐርቡ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ያ ጀመዓ፣ ጠፍቼ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

አቤቱታውን ጥቁር ካባ እንዳለው ጻፍኩት። አላስገባሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ተሻገርኩ። አንዱ የእማዬ ወንድም ናቸው፤ ሌላው በማዶም በዚህም የሚከበሩ ሼህ ናቸው። ሰውየው ቤት ገባን። ቡና ተፈላ። ሦስቱም እስኪጠጣ ስለ እሳት አልተነሳም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ማን ሞተ ማን ተዳረ። ሦስተኛው ላይ አጎቴ ጀመሩት።

ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ። «መሬቴን ነው ያቃጠልኩ» አለ። ሼሁም «መሬትህን አልከለከልንህም፣ ጢስህን መልሰህ ውሰድልን ነው ያልንህ» አሉት። ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሚስቱ ከጓዳ «ይሄው እኔም ስለው የከረምኩት ነው፤ ትንሹ ልጅ ሌሊት ሌሊት እያሳለ ነው» አለች። ጄረቡ የጠገበን አስታወስኩት።

የተስማማነው ይህ ነው። ወፍራም ወፍራሙን እንጨት አያቃጥልም፤ ሐርቡ ላይ ለማገዶ የሚገዛ ሰው እኔ አፈላልጌለታለሁ። አገኘሁም። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ግን ለምንጣሮው ሠራተኛ ምሳ ይችላል። ቅጠሉና ጭራሮው ይቃጠላል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ። ከመለኮሱ በፊት ይደውላል።

የእማዬ ምጣድም ውጭ ወጥቷል እትዬ ገሳ። መጀመሪያ «ሰው የምጋግረውን ሊያይ ነው» ብላ ተጣላችኝ። አሁን ለምዳዋለች።

ሰኞ ገበያ

ማሻ አላህ። ሰውየው ደወለ ወይ? ዋናው እሱ ነው።

የሐርቡ ልጅ

ደወለ። «ዛሬ ልለኩስ ነው፣ እናትህ ልብስ አስጥታ ከሆነ ታንሳ» አለኝ። ለእማዬ ደወልኩላት፣ ከገመዱ ላይ አወረደች። 4 ሰዓት ያለው ሰውዬ ግን 7 ሰዓት ላይ ነው የለኮሰው። እንግዳ መጥቶበት ነው አሉ። እሷም ቀረ ብላ መልሳ አስጥታ ነበር። ነጠላዋ እስከ ዛሬ ጢስ ጢስ ይሸታል።

እትዬ ገሳ

በእንዶድ ትጠበው። ያለቅቃል።